ፍሬሙ ሳይከፈት አትግዙ

ጠጋ በሉ፤ አለቃዬ ምሳ ወጥቷል። የምነግራችሁን እሱ ባለበት ብናገረው ቅር ይለዋል። እውነት መሆኑ አይከፋውም፤ ገበያ ማበላሸቱ እንጂ።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ የፍሬም ሱቅ ጓዳ ነው። ደንበኛ ከፊት ይገባል፣ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ስለ ፍሬሙ ቀለም ከአለቃዬ ጋር ይከራከራል። ከዚያ ሥዕሉ ወደ እኔ ይመጣል። ገልብጬ አስተኛዋለሁ፣ ምስማሮቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፣ የጀርባውን ወረቀት እቀድዳለሁ። ብዙ ጊዜ ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሰው ዓይን ያላረፈበትን ነው የማየው።

ወገኖቻችን በዚህ አካባቢ ቤት መግዛት ከጀመሩ ወዲህ ወደ ጓዳዬ የሚመጣ አንድ ዓይነት ዕቃ በዝቷል። ቅዳሜ ጠዋት የሟች ወይም የአዛውንት ቤት ዕቃ ተዘርግቶ ሲሸጥ ተገኝቶ የተገዛ ነው። ቀጭን ጥቁር ፍሬም፣ ወደ ቢጫ ያጋደለ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ በጥቁር መስመር ብቻ የተሠራ ኮረብታ፣ የእርሻ ጎተራ፣ አጥርና ነጭ ግንድ ያላቸው የበርች ዛፎች። ከሥዕሉ በታች በስተቀኝ በእርሳስ የተጻፈ ስም። ኤቺንግ ይባላል፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ተበልቶ የታተመ ሥዕል ነው። ገዢው ሁሌ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ዋጋ አለው?» መልሴም ያው ነው፤ ይከፈትና እንየው።

በአንድ ሠዓሊ ላስረዳችሁ። ሉዊጂ ሉቺዮኒ ይባላል። የሰሜን ምሥራቋን የቨርሞንት ግዛት ኮረብቶች የሣለ ሰው ሲጠራ መጀመሪያ ከሚነሡት አንዱ ነው። ላይፍ መጽሔትም የቨርሞንት ቁንጮ ሠዓሊ አድርጎ አሞካሽቶታል። ነገር ግን የዚያ አገር ተወላጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1900 በሰሜን ጣሊያን፣ ማልናቴ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በ1911 ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ገና በወጣትነቱ ኒው ዮርክ በሚገኘው ኩፐር ዩኒየን መማር ጀመረ። ቨርሞንትን ያገኘው ካደገ በኋላ ነው። ኮረብታዋ የተወለደበትን አገር ስለሚያስታውሰው ይመስላል፣ በ1939 ማንቸስተር በምትባለው ከተማ የእርሻ ቤት ገዛ። ኒው ዮርክን ግን አልለቀቀም፤ የብርዱን ወራት እዚያ፣ ሙቀቱን ቨርሞንት ያሳልፍ ነበር። በሀብታም ደጋፊም አልታማም፤ በ1947 የሼልበርን ሙዚየምን የመሠረተችው ኤሌክትራ ሃቭማየር ዌብ ሥራዎቹን ከሚገዙት አንዷ ነበረች። እንግዲህ ሻጩ «የአካባቢው ልጅ የሠራው ነው» ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ሥዕሎቹን ልብ ብላችሁ ብታዩ ብዙውን ጊዜ ሰው የለባቸውም። መኪና የለም፣ የስልክ እንጨት የለም። ዛፉ ቅጠል በቅጠል፣ የጎተራው ጣውላ ስንጥቅ በስንጥቅ ተቆጥሮ ተሥሏል፤ ያረሰውና ያጨደው ገበሬ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። በዚያ ዘመን ገዢው የከተማ ሰው ነበር፤ የከተማ ሰው ደግሞ ከሥዕል የሚፈልገው ጸጥታውን ነው። የቨርሞንት መንግሥት ራሱ በ1932 የከተማ ሰዎች መጥተው የበጋ ቤት እንዲገዙ የሚጋብዝ ጽሑፍ አሳትሟል። ኤቺንጉም የዚያው ገበያ ዘመድ ነው ብል አልዋሸሁም። ይህን ስል ሥዕሉን ማጣጣሌ አይደለም። እጁ የተባረከ ሰው ነበር፤ የበርቹን ነጭ ግንድ ወረቀቱን ባዶ በመተው ብቻ ሲያወጣው ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ «አቤት!» ያልኩበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሻጮች የማይወዱት ክፍል ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሪቭስ ሌዌንታል የሚባል ብልጥ ነጋዴ ኒው ዮርክ ውስጥ አሶሺየትድ አሜሪካን አርቲስትስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር፤ ሠዓሊ የሚበላው አጥቶ፣ ጋለሪ ገዢ አጥቶ የተቀመጠበት። ሌዌንታል ስመ ጥር ሠዓሊዎችን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ሕትመት 200 ዶላር እከፍላችኋለሁ፣ እኔ አሳትሜ አንዱን ቅጂ በ5 ዶላር እሸጣለሁ አለ። በመጀመሪያ በየከተማው ባሉ ትልልቅ መደብሮች፣ ከሸሚዝና ከጫማ ጎን አቀረበው። ቀጥሎ በፖስታ ማዘዝ ተጀመረ። የሉቺዮኒ በርካታ ኤቺንጎች ለሕዝብ የደረሱት በዚህ መንገድ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ሥዕል የተለመደው ብዛት 250 ቅጂ ነበር። ሁሉም ቢሸጥ 1,250 ዶላር ነው። ሠዓሊው 200 ይወስዳል፤ የተረፈው ለማተሚያ፣ ለማስታወቂያ፣ ለመደብሩና ለነጋዴው ነው። ድርጅቱ ሥነ ጥበብን ለሁሉም ቤት አዳርሳለሁ ይል ነበር። ነገር ግን በ1938 አሜሪካ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ስትደነግግ በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር፤ 5 ዶላር የ20 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ የወዛደሩ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የባንክ ጸሐፊው ሳሎን ነው የገባው። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸው የሚሸጠው እነዚያው ቤቶች ናቸው። ጥሩ ጥሩው ሥዕል ከተራ ቤት የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት መቶ ሃምሳ ቅጂ ከአንድ መዳብ እንዴት ይወጣል? መዳብ ለስላሳ ነው። ሠዓሊው ሰሌዳውን ከሰም፣ ከሬንጅና ከሙጫ በተሠራ ስስ ልባስ ይቀባዋል፤ በመርፌ ልባሱን እየጫረ ይሥላል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል። አሲዱ ልባስ የሌለበትን ብቻ እየበላ ይገባል። ጥቂት የቆየ መስመር ቀጭን፣ ብዙ የቆየ ጥልቅና ጥቁር ይሆናል። ሩቁ ተራራ ሳሳ ብሎ የፊቱ ዛፍ የሚጠቁረው በቀለም ለውጥ አይደለም፤ ሠዓሊው የተራራውን መስመር ቀድሞ በቫርኒሽ ሸፍኖት፣ ዛፉን ደጋግሞ አሲድ ስላስበላው ነው። ከዚያ ቀለም ይቀባል፣ በሻሽ ይጠረጋል፣ አንዳንዴም በመዳፍ ይወለወላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ቀለም እርጥብ ወረቀት በማተሚያው ከባድ ሲሊንደር ስር ተጭኖ ይመጠዋል። በእንጨት ሕትመት ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ቀለም የሚይዘው ያልተፈለፈለው፣ ከፍ ብሎ የቀረው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐንሰን-ባሂያ የተባለው ጀርመናዊ የእንጨት ሕትመት ባለሙያ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስላስተማረ፣ የእኛ ሰው ዓይን ለእንጨቱ የበለጠ የለመደ ይመስለኛል።

ታዲያ በእያንዳንዱ መጥረግና መጭመቅ መዳቡ ትንሽ በትንሹ ያልቃል። የነጋዴው መፍትሔ ሰሌዳውን በኤሌክትሪክ ስስ የብረት ልባስ ማልበስ ነበር፤ ልባሱ ሲሳሳ ተገፎ እንደገና ይለበሳል። ስለዚህ የእነዚህ ሕትመቶች አንደኛውና ሁለት መቶ ሃምሳኛው በጥራት ብዙ አይለያዩም። ነጋዴ «ይሄ ቀድሞ ከታተሙት ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ምኑን አይቶ እንዳወቀ ጠይቁት፤ ቁጥር እንኳ የለበትም። አዎ፣ የዚያ ድርጅት ሕትመቶች በአብዛኛው በእርሳስ ተፈረሙ እንጂ ቁጥር አልተጻፈባቸውም። «ከ250ው 17ኛው» ዓይነት ቁጥር ስላጣችሁ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ቁጥር መጻፍ እንደ ሕግ የተቆጠረው በኋላ ነው። በእርሳስ መፈረም ራሱ ልማድ የሆነው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ዊስለር የተባለው ሠዓሊ ነው። የእሱ ነገር ደግሞ ልዩ ነው፦ የወረቀቱን ጠርዝ እስከ ሥዕሉ ድረስ ራሱ ቆርጦ ለፊርማው ትንሽ ምላስ ብቻ ይተው ነበር። ሌላው ሠዓሊ ላይ ዋጋ የሚገድለው የተቆረጠ ጠርዝ በዊስለር ላይ የእውነተኛነት ምልክት ይሆናል። ዓለም እንዲህ ናት።

አሁን ፍሬሙን ልገልብጠው። ጀርባው ላይ የፍሬም ሱቁ ወረቀት ተለጥፎ ካለ መጀመሪያ አድራሻውን አንብቡ። የአሜሪካ ፖስታ ባለ አምስት አኃዙን ዚፕ ኮድ የጀመረው በ1963 ነው፤ አድራሻው ላይ ከሌለ ፍሬሙ ከዚያ በፊት ሳይሠራ አይቀርም። የስልክ ቁጥሩ በፊደላት ከጀመረም የድሮነት ምልክት ነው። በአንጻሩ «የ1940ዎቹ ሥራ ከነፍሬሙ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ዕቃ ጀርባው ላይ ዚፕ ኮድ ካለው፣ አንድ ሰው መሃል ላይ ከፍቶታል ማለት ነው። ለምን ከፈተው? ጥያቄው ከዚያ ይጀምራል።

የኤቺንግ ዋና ጠላቱ ፍሬሙ ነው። የድሮ ፍሬም ሠሪዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በእጃቸው ያለውን ርካሽ ነገር ተጠቀሙ። ሥዕሉን ዙሪያውን የሚከበው ካርቶን ከእንጨት ብስባሽ የተሠራ ነበር፤ ሲያረጅ አሲድ ያመነጫል። ካርቶኑን ሳነሣው ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ዙሪያ ቡናማ የተቃጠለ መስመር አገኛለሁ። አንዳንዱ ጀርባ በሳሳ ጣውላ የተደፈነ ነው፤ የጣውላው ጉጥ ጥላው ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ከሆነ ደግሞ የካርቶኑ መስመሮች ረድፍ ረድፍ ሆነው ይወጣሉ። መስተዋቱ ወረቀቱን በቀጥታ ነክቶ ከኖረ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ያመጣል፣ ሲብስም ተጣብቆ ይቀራል። የሥዕሉ ፊት ላይ እንደ ማድያት የሚበተነው ቡናማ ነጠብጣብም በአብዛኛው ከእርጥበትና ወረቀቱ ውስጥ ካለ ቆሻሻ የሚመጣ ነው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ፕላስተር ነው። አንድ ሰው ሥዕሉ እንዳይንሸራተት ብሎ የለጠፈው ፕላስተር ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ካርታ ይሥላል፤ ያንን ማስለቀቅ የወረቀት ጥገና ባለሙያ (የኮንሰርቫተር) ሥራ ነው፤ ክፍያውም የሥዕሉን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል።

አንድ የምሥራች አለ፦ ጥቁሩ ቀለም በቀላሉ አይደበዝዝም። ካርቦን ነው፤ ፀሐይ አትነካውም። የእርሳሱ ፊርማም እንዲሁ። በፀሐይ የሚጎዳው ወረቀቱ ነው። ካርቶኑን ስታነሡ የተሸፈነው ጠርዝ ነጣ ብሎ በካርቶኑ ክፍተት የሚታየው መሃሉ ብቻ ከጠቆረ ብዙ ዓመት ብርሃን አይቷል ማለት ነው። ይህ የሚታወቀው ሲከፈት ብቻ ነው፤ ሻጭ «አትክፈቱት፣ ፍሬሙ ይበላሻል» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ የምፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን ሲጫን የተወው ጎድጎድ ያለ አራት ማዕዘን፤ በጣት ጫፍ ይታወቃል። ግን በእሱ ብቻ አትመኑ። ባዶ ሰሌዳ ተጭኖ በውሸት ይሠራል፤ ፎቶን ወደ መዳብ አዛውሮ ማተምም ያንኑ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ አጉሊ መነጽር አነሣለሁ። በተራ ማተሚያ የተባዛ ከሆነ መስመሩ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል። ኤቺንግ ከሆነ መስመሩ ያልተቆራረጠ ነው፤ መብራት በጎን ስታበሩበት ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ መብራት አጥፍቼ «ጥቁር መብራት» በሚባለው የአልትራቫዮሌት መብራት አየዋለሁ። ከ1950 ገደማ ጀምሮ ወረቀት ላይ የሚጨመር ማንጪያ ኬሚካል አለ፤ በዚያ መብራት ደማቅ ሰማያዊ ያበራል። «የ1930ዎቹ ነው» የተባለ ሥዕል ጓዳዬ ውስጥ ሰማያዊ ሲያበራ ደንበኛው ፊት ላይ ያለውን ማየት አልወድም።

ከመጠን በላይ የነጣ ወረቀትም ጠርጥሩ። ቀለሙ ዘይት ስላለበት ውሃ አያስለቅቀውም፤ ስለዚህ ባለሙያ ኤቺንግን ማጠብ ይችላል፤ ይታጠባልም። ነውሩ በረኪና መጠቀሙ ላይ ነው። ነጋዴው ነጠብጣቡን በአንድ ሌሊት አጥፍቶ ያሳምረዋል፤ ወረቀቱ ግን ጅማቱ ይላላል፣ ከዓመታት በኋላም ነጠብጣቡ ሊመለስ ይችላል። እየታጠበ በማሽን የተዘረጋ ከሆነ ያ የጣት ጫፍ የሚያውቀው ጎድጓዳ ጠርዝም ሳስቶ ይገኛል። እኔ ትንሽ ነጠብጣብ ያለበትን ሐቀኛ ወረቀት በበረኪና ከነጣው አስበልጬ እገዛለሁ፤ አለቃዬ በዚህ አይስማማም።

የአገራችንን መልክ የሚፈልጉም ይመጣሉ፤ ለእነሱ ሌላ ሹክሹክታ አለኝ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1809 ለንደን ላይ ያሳተመው ሃያ አራት ዕይታዎች የያዘ ትልቅ መድበል አለ፤ የአክሱም ሐውልት ያለበት ዕይታ ከዚያ ነው። የኤቺንግ የቅርብ ዘመድ በሆነው አኳቲንት በተባለ ዘዴ የተሠራ ነው፤ እዚያ አሲዱ በሙጫ ብናኝ መሃል ስለሚገባ ሰማዩና ጥላው በመስመር ፈንታ ለስላሳ ቀለም ይሆናል። ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን መድበል ገነጣጥለው አንድ በአንድ በፍሬም ይሸጣሉ፤ ተገንጥሎ ሲሸጥ ከሙሉው የበለጠ የሚያወጣበት ጊዜ ስላለ። ከእነዚህ መሃል ዘመናዊ ቅጂዎችም ተቀላቅለዋል። መለያው ያው አጉሊ መነጽር ነው።

ዋጋውስ? ንጹሕ የሆነ፣ ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ በእርሳስ የተፈረመ የሉቺዮኒ ኤቺንግ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ይጠየቅበታል። ሀብታም አያደርጋችሁም። ይልቅ የሚያስቀው ነገር፣ በደንብ ፍሬም ማስደረግ ብቻውን ያንኑ ያህል ሊያስከፍላችሁ መቻሉ ነው። አለቃዬ ሥዕሉ ስንት እንደሚያወጣ ሳትጠይቁት አይነግራችሁም፤ እኔ ግን ነገርኳችሁ። በአርባ ዶላር ከገዛችሁት ሥዕሉን ወደዳችሁት ማለት ነውና ፍሬም አሠሩለት። አራት መቶ ስትጠየቁበት ግን መጀመሪያ ይከፈት። ሻጩ እምቢ ካለ ዋጋውን የተጎዳ ዕቃ ዋጋ አድርጋችሁ ተደራደሩ፤ በማያዩት ነገር ላይ የሚደረግ ድርድር ከታች ነው የሚጀምረው።

ለፍሬም ስታመጡት ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለበት ካርቶን ጠይቁ። ካርቶኑ ሥዕሉን ከመስተዋቱ ያርቀዋል። ሥዕሉ በሙቀት ከካርቶን ጋር እንዲጣበቅ ፈጽሞ አትፍቀዱ፤ «እንዳይኮማተር ነው» ይሏችኋል፤ ያንን ማላቀቅ ሥቃይ ነው፣ ዋጋውንም የሚገድለው ወዲያው ነው። ከላይ ብቻ በሁለት ቁራጭ ስስ የጃፓን ወረቀት፣ ከስንዴ ስታርች በተሠራ ኮላ ይንጠልጠል፤ ውሃ ሲነካው የሚለቅ መሆን አለበት። ወረቀት እርጥበት ሲመጣ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ አራቱን ጎን ብታስሩት ይጨማደዳል። መስተዋቱ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከላከለው ዓይነት ይሁን፤ ትርፋችን እሱ ላይ ነው፣ ግን የሚያዋጣ ነው። የድሮውን የሱቅ ወረቀትና ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አትጣሉ፤ በፕላስቲክ ኪስ አድርገን አዲሱ ጀርባ ላይ እንሰቅለዋለን። ቤት ስትወስዱት ደግሞ መታጠቢያ ቤት አጠገብ፣ ከማሞቂያው በላይ፣ ወይም ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ አትስቀሉት፤ ጭሱ በመገጣጠሚያው ገብቶ መስተዋቱን ከውስጥ ያጠቁረዋል፣ ከውስጥ የጠቆረውን ለማጽዳትም እንደገና ወደ እኛ መምጣት አለባችሁ።